ሜዲቫል ማድነስ፣ 1997፣ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ»፣ 14,900 ዶላር

ዋጋው በነጭ ካርድ ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም ተጽፎ የፒንቦል (የብረት ኳስ መጫወቻ) ማሽኑ መስታወት ጥግ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ይላል። ይህችን ሐረግ ሳነብ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ውስጥ «አዲስ ቀለም» እየተባለ የሚሸጠው አሮጌ ፊያት ነው። አባቴ መኪና ለማየት ሲሄድ ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይይዝ ነበር። በሩ ላይ ሲያስጠጋት ካልያዘችለት ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ከዚያ ወዲያ ደላላው ቢምል ቢገዘት አይሰማውም፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ነው። እኔም ቺካጎ ዳርቻ ወዳለው ወደዚህ ሱቅ ስሄድ የእጅ ባትሪና ካቻቪቴ በኪሴ ይዤ ነበር።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ። ስለ ማሽኑና ስለ ዋጋው ግን ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ።

እኔ ቺካጎ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘጠኙን ታክሲ ነዳሁ፤ አሁን ሳንቲም እየጎረሱ የሚሠሩ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖችን እጠግናለሁ። ሰሜን ካሊፎርኒያ ጎዳና ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ በነበረው፣ ይህን ማሽን በሠራው በዊሊያምስ ኩባንያ ሕንፃ አጠገብ ስንት ጊዜ ተሳፋሪ ይዤ እንዳለፍኩ አላስታውስም። ኩባንያው ፒንቦል መሥራት ያቆመው በ1999 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)፤ እኔ ስደርስ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ሆኗል። በካራምቡላና በጆተኒ ያደገ ሰው ግን ኳስና ጠረጴዛ ካየ አያልፍም። 27 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ በተዳፋት ሜዳ ላይ ትንከባለላለች፤ ወደ ታች ወርዳ ከመጥፋቷ በፊት በሁለት ክንዶች፣ በፍሊፐሮቹ፣ መትተህ ትመልሳታለህ። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስጌጫ ነው።

የሜዲቫል ማድነስ ማስጌጫ ግን ሌላ ነው። ብራያን ኤዲ የነደፈው ይህ ማሽን ከሜዳው ጀርባ መሃል ላይ የቆመ ግንብ አለው። ኳሷን ደጋግመህ ስትመታበት ተንጠልጣዩ ድልድይ ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ግንቡ ተንቀጥቅጦ ይፈርሳል። ሁለት ጭራቆች ከሜዳው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ብቅ ያደርጋሉ፤ እነሱንም ትመታቸዋለህ። ከሚሰሙት ድምፆች መካከል በዚያን ጊዜ ገና ስሟ ያልገነነው የተዋናይት ቲና ፌይ ድምፅ ይገኝበታል። ልጄ እንግሊዝኛውን ከእኔ ይልቅ ስለሚሰማ ቀልዱ ሁሉ ለእርሱ ነው፤ ለእኔ የግንቡ መፍረስ ይበቃኛል።

ሻጩ መጀመሪያ የነገረኝ ማሽኑ ብርቅ መሆኑን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከርን። ከዚህ ማሽን የተሠራው 4,016 ነው። በ1992 የወጣው አዳምስ ፋሚሊ የተባለው ፒንቦል 20,270 ስለተሠራ ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ብርቅ ነው ማለት ይቻላል። በ1998 የወጣው ካክተስ ካንየን ግን 903 ብቻ ነው የተሠራው። በቁጥር ቢሆን ኖሮ ካክተስ ካንየን አራት እጥፍ ዋጋ ማውጣት ነበረበት፤ አያወጣም። ጥቂት ተሠርተው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ማሽኖችም ሞልተዋል። ሜዲቫል ማድነስን ያስወደደው የፈላጊው ብዛት ነው፤ ሻጩ በማነስ ሊያስፈራኝ ባይሞክር ይሻለው ነበር።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ እርሱ አላነሳውም፤ እኔ አነሳሁበት። ቺካጎ ጌሚንግ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ማሽን ከ2015 ጀምሮ እንደገና አምርቶታል። ሜዳው ያው፣ ግንቡ ያው፣ ውስጡ ግን ዘመናዊ ኮምፒውተር። አዲሱን ከነዋስትናው በካርዱ ላይ ካለው ባነሰ ዋጋ ማግኘት ከተቻለ፣ አሮጌው ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ለምንድነው? «ዋናው ስለሆነ ነው» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው። ግን ዋናው ስለሆነ ከተባለ ምኑ ዋና እንደሆነ ማየት አለብኝ። «እንግዲያስ ክፈተው» አልኩት።

መልካም ሰው ነው፤ ፊቱን ሳያጠቁር መስታወቱን ስቦ አወጣ፣ ኳሶቹን ለቀመ፣ ሜዳውን እንደ መኪና ኮፈን ብድግ አድርጎ አስደገፈው። መጀመሪያ ግን ሜዳውን ከላይ አየሁት። ባትሪዬን ከጎን በኩል ዝቅ አድርጌ ሳበራ ጥላ ይፈጠራል፤ በቀጥታ ሲያበሩ የማይታየው ያን ጊዜ ይታያል። መብራት የሚያሳልፉት ባለቀለም ፕላስቲኮች ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆናቸውን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ ከፍ ዝቅ ቢሉ ኳሷ ትደናቀፋለች። እኩል ናቸው። ቫርኒሹ ድርብርብ፣ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ጭራቆቹ በሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ ግን አረንጓዴው ቀለም ከዙሪያው ትንሽ ጨለም ብሏል፤ አውራ ጣት በምታህል ስፋት። ተልጦ በእጅ የተቀባ ነው። ሥራው መጥፎ አይደለም፤ ካርዱ ላይ ግን አልተጻፈም።

ከሜዳው ሥር የፍሊፐሮቹ ብረታ ብረትና ሞላ ሁሉ አዲስ ነው። ኮይሎቹ፣ ማለትም ፍሊፐሮቹን የሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ጥቅሎች፣ አልተቃጠሉም። ከሁሉ አስቀድሜ የፈራሁት ባትሪውን ነበር። የዚህ ዘመን ማሽኖች ዋና ቦርዳቸው ላይ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች ይሰካሉ፤ ባለቤቱ ዓመታት ከረሳቸው ፈሳሻቸው ወርዶ መዳቡን ይበላዋል። ስንት የልብስ ማጠቢያ በዚሁ በሽታ እንደሞተብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህ ድንጋዮቹ ተነሥተው ባትሪ የማያስፈልገው ቺፕ ገብቷል፤ መዳቡም ንጹሕ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ተሸነፈ፤ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ አጎንብሼ ብሎን የምቆጥር መሰልኩ። የሳጥኑ የጎን ሥዕል ዋናው ሳይሆን አዲስ ስቲከር መሆኑንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሒሳብ። ሻጩ የዕቃ ደረሰኞቹን በአንድ አቃፊ ሰብስቦ አስቀምጧል፤ ይህን ለማንም ሻጭ እመክራለሁ። ድምሩ 1,850 ዶላር። የፈጀው ሥራ 110 ሰዓት እንደሆነ ነገረኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያልታደሱ ግን የሚሠሩ ሦስት ሜዲቫል ማድነሶች አይቻለሁ፤ ባለቤቶቻቸው ከ8,000 እስከ 9,200 ይጠይቁ ነበር። አማካዩን 8,500 ብለን፣ ዕቃውን ጨምረን፣ ሰዓቱን በ40 ዶላር ስናባዛ 14,750 ይመጣል። ካርዱ ላይ ካለው ዋጋ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሌባ አይደለም፤ የደከመበትን ነው የጠየቀው። ነገር ግን እኔ የምገዛው ማሽኑን እንጂ ድካሙን አይደለም። ቤት ሠርቶ የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገዢ ለአናጺው የከፈልከውን አይጠይቅህም።

ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። ስለ ቀለሙ 600፣ ዋናው ላልሆነው የሳጥን ሥዕል 500፣ አዲሱ ምርት ገበያ ላይ ስላለ ደግሞ ደህና አድርጌ ቀነስኩና 11,800 አልኩ። ሻጩ ሳቀ። «የመጨረሻውን ንገረኝ» አልኩት። ይህን በእንግሊዝኛ ስናገረው የመርካቶ ክብደቱ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገብቶታል። ሄድኩ፣ በሳምንቱ ደወለ፣ ተመልሼ ሄድኩ። በ12,700፣ ማድረሻውን ጨምሮ፣ ከሦስት ወር ዋስትና ጋር ተስማማን። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ የተናገረችው እዚህ አይጻፍም።

ማድረሱ እንከን የለውም። ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሳጥን ሁለት ሰዎች እግሮቹን ፈተው፣ ከኋላ የቆመውን የራስጌ ሳጥን አጥፈው፣ ምድር ቤት ድረስ አወረዱልኝ፤ ግድግዳዬን አልነኩም። ተዳፋቱን ወደ 6 ዲግሪ ተኩል አስተካክለው ሄዱ። ቡና አፍልተን አንዱ ጠጣ፣ ሌላው ፈራ።

ወቀሳዬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ዋስትናው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሲሆነው የግንቡ ድልድይ ወርዶ ቀረ፤ አልነሣም አለ። ደወልኩ። ያስተናገደችኝ ወጣት ጨዋ ናት፤ ቀኑን ቆጥራ ግን አይቻልም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቱ ራሱ ደውሎ አዲስ ሞተር በነጻ እልካለሁ አለ፤ ላከም። እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶኝ ግንቡን አወለቅሁት። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ወደ እርሱ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱ አልተበየደም፤ በጣት ተጠምዝዞ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ግንቡ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እየላላ መጥቶ ተለያየ። 110 ሰዓት የሠራ ሰው የሁለት ደቂቃ የካውያ ሥራ ዘለለ፤ ያውም ገዢ ሜዳውን አንሥቶ እንኳ ሊያየው በማይችልበት በግንቡ ጀርባ። በዶላር ካሰብነው ምንም አይደለም። ግን ያን ፕላስተር ካየሁ በኋላ ሌላም እንዳለ እያሰብኩ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተትኩ። ሌላ አላገኘሁም።

ለማሽኑ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለሱቁ ሦስት ተኩል፣ ግማሹ ሳይጠየቅ ለተላከው ሞተር ነው። ካርዱ ላይ ለነበረው ዋጋ ሁለት፤ ለከፈልኩት አራት። ሞተሩ ከነካርቶኑ መደርደሪያዬ ላይ አለ። አንድ ቀን ብሸጠው 12,000 ነው የምለው፣ ሞተሩን ጨምሬ። ገዢው እስኪጠይቀኝ ሳልጠብቅ ሜዳውን ራሴ አነሣለሁ፤ ባትሪውን ከጎን አብርቼም ጭራቆቹ አጠገብ ያለችውን ጨለም ያለች አረንጓዴ አሳየዋለሁ።