በናሚቢያና በቦትስዋና የድንኳን ጉዞ፦ የቡድን ትራክ ወይስ የኪራይ ፒክአፕ?

ከናሚቢያ ዋና ከተማ ከዊንድሁክ ተነሥቶ የናሚብን በረሃ፣ በናሚቢያ ያለውን የኤቶሻን እና በቦትስዋና ያለውን የቾቤን የዱር እንስሳት ፓርኮች አቋርጦ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ የሚያበቃውን ጉዞ በድንኳን እያደረ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ይገዛል። አንደኛው ሃያ ያህል መንገደኞችን ከሾፌርና ከምግብ አብሳይ ጋር ይዞ በተወሰነ መርሐ ግብር የሚጓዝ የቡድን ትራክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣሪያው ላይ ታጣፊ ድንኳን የተገጠመለትና ተጓዡ ራሱ የሚነዳው ፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ ነው። ሻጮች ጉዳዩን የምቾትና የነፃነት ምርጫ አድርገው ያቀርቡታል፤ በእኔ ግምት ግን ውሳኔውን መምራት ያለባቸው የተጓዦቹ ቁጥርና መሪ የሚይዘው ሰው በኮረኮንች መንገድ ላይ ያለው ልምድ ናቸው።

የትራክ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ይሰላል፤ የፒክአፕ ኪራይ ደግሞ በቀን። ስለዚህ ብቻውን ለሚጓዝ ትራኩ ይረክሳል፣ አራት ሆነው ለሚከፋፈሉ ግን ፒክአፑ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሁለቱም ዋጋዎች የሚደብቁት ነገር አላቸው። አንዳንድ የትራክ ድርጅቶች ከቲኬቱ ሌላ መንገድ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰብ መዋጮ ስላላቸው፣ የፓርክ መግቢያ በየትኛው ውስጥ እንደተካተተ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በኪራይ መኪናው በኩል ዋናው ጉዳይ ኢንሹራንሱ ነው፤ ተራው ውል ብዙ ጊዜ ጎማን፣ የፊት መስታወትን፣ የመኪናውን ሆድና ውኃ ውስጥ በመግባት የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። እነዚህ ደግሞ በዚያ አገር በብዛት የሚደርሱት ጉዳቶች ናቸው።

በዚህ ጉዞ በሚታለፉት አገሮች ሁሉ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በአሜሪካ ለለመደ ሾፌር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከዚያ የሚከብደው የናሚቢያ ኮረኮንች ነው፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ በመሆኑ ፍጥነት ያስረሳል፣ አሸዋ በተጠራቀመበት መታጠፊያ ላይ ግን ጣሪያው ላይ ድንኳን የተሸከመ መኪና በቀላሉ ይገለበጣል። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አለማለፍና ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አለመንዳት ይገባል። በቡድኑ ውስጥ ይህን ልምድ ያለው ሁለተኛ ሾፌር ከሌለ ትራኩን እመርጣለሁ።

በናሚብ በረሃ ውስጥ በአሸዋ ኮረብታዎቹ በሚታወቀው ሶሱስፍሌይ ላይ ልዩነቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የፓርኩ መግቢያ ከሆነው ከሴስሪየም በር እስከ መኪና ማቆሚያው 60 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ልቅ አሸዋ ናቸው። ትራኩ እዚያው ቆሞ ተሳፋሪዎቹ በአካባቢው መኪና ይሻገራሉ፤ የፒክአፕ ነጂ የጎማውን ነፋስ ቀንሶ ማለፍ ይችላል፣ የሚቀረቀረውም ጥቂት አይደለም። ይልቅ ሁለቱንም ሻጮች መጠየቅ ያለበት «የምናድረው ከበሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» የሚለው ነው፤ ውስጥ ያደረ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ወደ አሸዋ ኮረብታዎቹ መነሣት ይችላልና።

በ1907 በተከለለው ኤቶሻ የትራኩ ከፍታ ከቁጥቋጦው በላይ ያሳያል፤ ነገር ግን አንበሳ ከተኛበት እስኪነሣ አንድ ሰዓት መጠበቅ የሚችለው የራሱን መኪና የያዘ ብቻ ነው። በኦካኩየዮ ካምፕ ግን ሁሉም እኩል ነው፤ በደረቁ ወራት ሌሊት ዝሆንና ጥቁር አውራሪስ ወደሚመጡበት በመብራት ወደሚታይ ኩሬ ሁሉም በእግሩ ሄዶ ይቀመጣል።

ፒክአፑ በግልጽ የሚበልጠው ቦትስዋና ውስጥ ነው። በኦካቫንጎ ዴልታ (ወንዙ ተበትኖ በሚፈጥረው ረግረግ) ያለው የሞሬሚ ጥብቅ ስፍራና በቾቤ ፓርክ ውስጥ ያለው የሳቩቲ ካምፖች አጥር የላቸውም፣ መንገዳቸውም ጥልቅ አሸዋ ስለሆነ ትላልቅ ትራኮች አይደፍሯቸውም። የትራክ ተጓዦች ኦካቫንጎን ከማውን ከተማ ተነሥተው በታንኳ፣ ቾቤን ደግሞ ከካሳኔ ከተማ በጀልባና በክፍት መኪና ያያሉ፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የሚናቅ አይደለም። ራሱን ችሎ የሚገባ ሰው ሌሊት ጅብና ዝሆን በድንኳኑ ሥር እንደሚያልፉ፣ እስኪነጋም መውረድ እንደማይገባ ማወቅ አለበት። ከአንጎላ የሚወርደው ጎርፍ ዴልታውን የሚሞላው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት በመሆኑ፣ ባለፈው ወር ክፍት የነበረ መንገድ በውኃ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል።

ትራክ የሚገዛ ሰው እንደ ሆቴል እንግዳ አይስተናገድም፤ ድንኳኑን ራሱ ይተክላል፣ በተራው ሳህን ያጥባል። የጉዞው ደረቅ ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ቢገጥሙም የበረሃው ሌሊት ደረቅና እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ፍልሰታን የሚጾሙ ተጓዦች ለምግብ አብሳዩ ቀድመው ቢያስታውቁ ይበጃል፤ በፒክአፕ የሚሄዱ ግን የሚሠሩት ለራሳቸው ነው።

ሁለቱም ወገኖች የየአገሩን ቪዛ ለየብቻ ማጣራት አለባቸው፤ ራሱን የሚነዳ ሰው በተጨማሪ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድና አከራዩ ድንበር እንዲሻገር የፈቀደበትን ደብዳቤ ይያዝ። የሞሬሚና የሳቩቲ ካምፖች ከብዙ ወራት በፊት ስለሚያዙ፣ ለሐምሌ ጉዞ በግንቦት መፈለግ የጀመረ ሰው የትራክ መቀመጫ ያገኝ ይሆናል እንጂ የካምፕ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል።