ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፋይል፦ ጉግል ድራይቭ፣ ሲንክቲንግ ወይስ ሃርድ ዲስክ?

ሐዋሳ ፒያሳ ቢሮ ወይም ሱቅ ኖሮት ማታ ቤቱ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን የሚያመላልሰው በፍላሽ ነው። ፍላሹ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ሲብስ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የሚገላግሉ ሦስት መንገዶች አሉ። ምርጫውን የሚወስነው የፋይላችሁ ክብደት ነው።

ጉግል ድራይቭ ቀላሉ ነው። 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ኢሜይላችሁና ፎቶአችሁም ከዚሁ ይቆረጣል። ከዚያ በላይ በክፍያ ነው። ሁለቱ ማሽኖች የግድ በአንድ ጊዜ መከፈት የለባቸውም፤ ፋይሉ ጉግል ዘንድ ይጠብቃችኋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለደብዳቤና ለኤክሴል ሌላ አትፈልጉ። ቪዲዮ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል። የሰርግ ቀረጻው 100 ጊጋ ቢሆንና ኢንተርኔታችሁ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢጭን፣ 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እሱም መብራት ካልጠፋ ነው።

ሲንክቲንግ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ከማሽን ወደ ማሽን በቀጥታ ይልካል፤ መሃል ላይ የሚያስቀምጥ ድርጅት የለም። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ራውተር ላይ ካሉ ጥቅላችሁ አይነካም። ያው 100 ጊጋ በ100 ሜጋቢት ኬብል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቢወስድ ነው። ችግሩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው። የቢሮውን አጥፍታችሁ ከሄዳችሁ ማታ ቤት ያለው ላፕቶፕ ምንም አያገኝም። ላፕቶፑን በየቀኑ ቢሮ ይዞ ለሚመጣ ግን እንደ ሲንክቲንግ የሚመች የለም።

አንድ ፋይል ሁለቱም ማሽን ላይ ሳይገናኙ ከተነካካ፣ ሲንክቲንግ አንዱን ስሙ ላይ «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል ከነቀኑና ሰዓቱ ጨምሮ ለብቻ ያስቀምጠዋል። ዎርድ ከሆነ ከፍቶ ማመሳከር ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ! ሒሳቡ የተያያዙ ብዙ ፋይሎች ስለሆነ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ አውጡና እሱን ብቻ ሲንክ አድርጉ። ድራይቭ ላይም ያው ነው።

ሁለቱም ግን አንድ ጠባይ አላቸው። እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል። ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባም የተቆለፈው ፋይል ወደ ሁለተኛው ማሽን ይተላለፋል። ድራይቭ የጠፋውን 30 ቀን ቅርጫት ውስጥ ያቆየዋል። ሲንክቲንግ ደግሞ የቆየውን ቅጂ የሚያስቀምጠው «ፋይል ቨርዥኒንግ» የሚለውን እናንተ ስትከፍቱት ነው።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያው ብር ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይውጣ። ፍሪፋይልሲንክ የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ፤ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይገለብጣል። ግራ በኩል የማሽኑን ፎልደር፣ ቀኝ በኩል ዲስኩን ምረጡ፤ «ሚረር» ስትሉት ቀኙን ልክ እንደ ግራው ያደርገዋል። በስህተት ባዶውን ዲስክ ግራ ካደረጋችሁት ማሽኑ ላይ የመረጣችሁትን ፎልደር ያጸዳላችኋል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የሚያሳያችሁን ዝርዝር እዩ። ሲያልቅ ንቀሉት። የተነቀለ ዲስክ ላይ ቫይረስ አይደርስም።

ለተማሪ ድራይቭ ይበቃል። ፎቶ ቤትና ቪዲዮ ኤዲተር ሲንክቲንግና ዲስክ ያጣምር። ዲስክ ስትገዙ ዋጋው ከገበያው እጅግ ከረከሰ ጠርጥሩ፤ 2 ቴራ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ የሚይዝ አለ። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም እስከ ጫፍ ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ ያጋልጠዋል። ደረሰኙን ሳትጥሉ ሞክሩት።