ለኮሪደር የግድግዳ መብራት፦ አምፖሉ የሚፈታው ወይስ የማይፈታው?

ቤቱን የሚያድስ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። መልሴም ያው ነው፤ አምፖሉ ተፈትቶ የሚቀየረውን ግዙ። ኤልኢዲው ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራው ቀጭንና ዓይን የሚስብ መሆኑን አልክድም። ችግሩ የሚመጣው ሲቃጠል ነው።

ዋጋውን እንቁጠር። በቅርቡ መርካቶ ስጠይቅ አብሮ የተሠራው 1,800 ብር ተባልኩ። የብረት አካል ያለው ባለ አምፖል 1,300፣ የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሉ ደግሞ 200 ብር ነው። ለአራት መብራት 7,200 በ6,000 መሆኑ ነው። ሻጮች ውዱን «ይህ ኃይል ይቆጥባል» እያሉ ያሻሽጡታል። ሁለቱም ኤልኢዲ ናቸው፤ ምኑን ከምን ይቆጥባል? አራት የ9 ዋት አምፖሎች በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃሉ።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ከገዙ በኋላ ነው። አምፖል ሲቃጠል 200 ብር ይዞ ሰፈር ሱቅ መሄድ ይበቃል። እህቴ ቤት ግን ከአራቱ አብሮ የተሠሩ መብራቶች አንዱ ጠፋ። የገዛችበት ሱቅ ስትመለስ «እህቴ፣ ያ ዕቃ አልቋል፤ አሁን የገባው ይህ ነው» አሏት። የአዲሱ መብራት የብሎን ቀዳዳ ከድሮው ጋር አልገጠመም። ግድግዳው እንደገና ተበሳ፣ የቀድሞው ቀዳዳ ተደፈነ፣ የተነካው ቦታ ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙም ከዙሪያው ጋር አልተመሳሰለም። በዚያ ላይ አዲሱ ብርሃን ነጭ፣ የሦስቱ ቢጫ ነው። የባለሙያውንና የቀለሙን ወጪ ስትደምር ከሌላ አዲስ መብራት ዋጋ በለጠባት።

«ይጠገናል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ኤልኢዲው ሳይሆን ኃይል የሚመጥንለት ድራይቨር ነው። ሙቀትና የኃይል መዋዠቅ ዕድሜውን ያሳጥሩታል። ሲቀየር ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን የሚሊአምፒር መጠን፣ ማለትም ለኤልኢዲው የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ማመሳሰል ግድ ነው። በባለ 300 ፋንታ ባለ 600 የተገጠመለት መብራት መጀመሪያ ደምቆ ያስደስታል፤ ከዚያ ኤልኢዲው ራሱ በሙቀት ያልቃል። «ያገኘሁትን ገጥሜልሃለሁ» ከሚል ጠጋኝ ሽሹ።

ባለ አምፖሉም ቢሆን አስመስሎ የተሠራ ሞልቶታል። ብረት የሚመስለው አካል ብዙ ጊዜ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ማግኔት ማስጠጋት ይረዳል፤ ነገር ግን አሉሚኒየምና ናስም በማግኔት አይሳቡም፤ ስለዚህ በእጅ መዝኑት፣ በጥፍራችሁም ቧጨር አድርጉት። ከዚያ አምፖሉ የሚጠመድበትን ክፍል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጠርዙ በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ መልሱት። አምፖሉን ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ የስልክ ካሜራ አነጣጥሩበት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ጎልተው ሲሄዱ ካያችሁ አምፖሉ ይርገበገባል፤ ሌላ ይቀየርላችሁ።

አቀማመጡ ላይ ደግሞ የመብራቱ መሐል ከወለል ከ150 እስከ 170 ሳንቲሜትር ይሁን፤ በሁለት መብራቶች መካከል ያለው ርቀት ወደ ሁለት ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ጠባብ ስለሆነ ከግድግዳው ከ10 ሳንቲሜትር በላይ የሚወጣ መብራት አልመክርም፤ ፍሪጅ ወይም ሶፋ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰበረው እርሱ ነው። በር ተከፍቶ የሚደርስበትን ቦታም አስቀድማችሁ ለኩ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያበራው ዓይነት ፋሽን ሆኗል፤ ብርሃኑ ግድግዳውን ታክኮ ስለሚሄድ ቀን የማይታየውን የልስን ጉድለት ሁሉ ማታ ያወጣዋል። ልስናችሁ ለስላሳ ካልሆነ ብርሃኑን ወተት በሚመስል ነጭ መስታወት የሚበትነው ይሻላል። ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ከልስን በፊት ይቀበር፤ በኋላ ግድግዳ ማስፈልፈልና መልሶ ማስለሰን ከመብራቱ ዋጋ ይበልጣል። አምፖሎቹን ባለ 3000 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጡ፣ አድርጓቸው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ግዙ፣ ሁለት መጠባበቂያም ጨምሩ።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራያችሁ ግድግዳ መብሳት ከከለከሉ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ባለ ባትሪ አለ። ማታ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ይበቃል፤ ቻርጅ ማድረጉ ግን ያሰለቻል።