ኦዲዮ ኢንተርፌስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ከቤት እንዳትወጡ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብሳሳት እለፉኝ። ለማታውቁ፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ማለት ማይክና የሙዚቃ መሳሪያ ኮምፒውተር ላይ ለመቅዳት የምንሰካበት ሳጥን ነው። ዛሬ ከሰዓት ከሱቁ ስወጣ ታክሲ ውስጥ ጀመርኩት፣ ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። መገናኛ ካሉት ህንፃዎች ባንዱ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ለምን እንደሆነ ታች እነግራችኋለሁ፣ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ጊታር የተሰቀለበት፣ መስታወቱ ውስጥ ቪ8 ሳውንድ ካርድና ቢኤም 800 ማይክ የተደረደረበት፣ ባለቤቱ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ በአገጩ "ምን ነበር" የሚላችሁ፣ ዋጋ ስትጠይቁ "ለምን ስራ ነው የፈለጋችሁት" ብለው መልሳችሁን ከሰሙ በኋላ ዋጋ የሚቆርጡላችሁ።

እኔ ግጥምና ዜማ ነው የምሰራው። ዘፋኝ አይደለሁም፣ ስቱዲዮ የመክፈት ሀሳብም የለኝም። እስካሁን ዜማ ሲመጣልኝ ክራሬንና ድምፄን አንድ ላይ ስልኬ ላይ ነበር የምቀዳው፣ ከዛ ለአቀናባሪው በቴሌግራም ስልክለት "ክራሩን ቀንሰሽ ላኪልኝ" ይለኛል፣ በምን ልቀንሰው፣ አንድ ፋይል ላይ ተዋህዶ የገባ ነገር። ስለዚህ የፈለግኩት ቀላል ነገር ነው፣ ሁለት ኢንፑት ያለው ኢንተርፌስ። ክራሬ ፒክአፕ ስላለው በኬብል አንዱ ውስጥ ይገባል፣ ድምፄ በማይክ ሌላኛው ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱ ለየብቻ ትራክ ላይ ይቀመጣሉ፣ አለቀ። ቪ8 ይሄን አያደርግም። ማይኩንም ሙዚቃውንም ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው፣ የተሰራው ለላይቭ ነው፣ የጭብጨባና የሳቅ በተን ያለበት ዕቃ ነው። ብዙዎቹ 48 ቮልትም (በማይኩ ኬብል የሚላክ ኤሌክትሪክ) አይሰጡም፣ ኮንዴንሰር ማይክ (ስስ የሆነው የስቱዲዮ ማይክ) ደግሞ 48 ቮልት ካላገኘ በደንብ አይሰራም። ይሄን ሁሉ አጥንቼ ነው የሄድኩት፣ ገበያ ላይ ያሉትን ኢንተርፌሶች፣ ስካርሌት ሶሎንና ቱ አይ ቱን፣ ቤሪንገሩን፣ ኤም ኦዲዮውን አወዳድሬ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ።

የገዛሁ ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ገባን። እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ መልሱ ግን ለሱ ነው የሚሰጠው። "ኢንፑቱ ስንት ነው?" እላለሁ፣ ሰውየው ወንድሜን እያየ "እህትህ ዘፋኝ ናት?" ይላል። ወንድሜ ሳውንድ ካርድ ከሲም ካርድ አይለይም፣ የመጣው ዕቃ ሊሸከምልኝ ነው። "ለቲክቶክ ከሆነ ይሄ ይበቃታል" ብሎ ቪ8 አወጣ። አይ፣ ሁለት ትራክ ለየብቻ መቅዳት ነው የምፈልገው ስለው "ውይ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ደግሞ ባለሙያ ነሽ፣ እስቲ አንድ ነገር ዝፈኚልንና እንወቅሽ" ብሎ ሳቀ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ኬብል የሚበይዱት ልጆችም አብረው ሳቁ። ይሄን ዋጥኩት፣ ለመድነው።

በመጨረሻ የምፈልገውን አወጣልኝ። ብራንዱን አልጠራም፣ ፋብሪካው ምንም አላጠፋም። 38 ሺህ አለ፣ ማይኩ 14 ሺህ። ለምን ይሄን ያህል ስትሉ መልሱ ያው ነው፣ ዶላር። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የአምስት ዓመት አሮጌ ኬብል ሳይቀር በዶላር ነው የሚያሳብበው። ደረሰኝ ስለው ፊቱ ተቀየረ፣ "ደረሰኝ ካልሽ 15 ፐርሰንት ቫት ይጨመራል፣ ያ ማለት በዚቺ ብቻ 5,700 ብር ነው፣ እኛ ስላንቺ ብለን ነው" አለኝ። በእጅ የተጻፈች ወረቀት ሰጠኝ፣ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማህተም ያለባት። ብሩ በሞባይል ባንኪንግ የገባው ደግሞ በሱቁ ስም ባለ አካውንት አይደለም፣ በሆነ ግለሰብ ስም ነው።

አሁን አሞካከሩን በደንብ ስሙኝ፣ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑን ከፈተ፣ ዕቃውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው፣ ከዛ የገዛሁትን ኮንዴንሰር ማይክ ትቶ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የመድረክ ማይክ ሰካ። "በራሴ ማይክ አይሞከርም?" ስለው "ኮንዴንሰር እኮ የመኪና ጥሩምባ ሁሉ ይስባል፣ እዚህ ጫጫታ ውስጥ ብንሞክረው ተበላሽቷል ብለሽ ትደነግጫለሽ፣ ቤትሽ ጸጥ ባለ ቦታ ሞክሪው" አለኝ። እውነት የሚመስለው ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው፣ ኮንዴንሰር በእርግጥም ሁሉን ነገር ይሰማል። ግን ያ የመድረክ ማይክ ዳይናሚክ ነው፣ ዳይናሚክ 48 ቮልት አይፈልግም። ማለትም ዕቃው ላይ የሞተውን 48 ቮልት በማይነካ ማይክ ሞክሮ "ይኸው ክሪስታል" ብሎ ሸጠልኝ።

ሶፍትዌሩንም "ፉል አድርገን እንጭንልሻለን" ብለው 1,500 ብር ተቀበሉ። አንዱ ልጅ ላፕቶፔ ላይ ፍላሽ ሰክቶ አንቲቫይረስሽን አጥፊው አለኝና ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራም ጫነ፣ ድራይቨሩን ደግሞ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ለሁሉም ዕቃ የሚሆን የጋራ ድራይቨር አደረገው። ዕቃው የራሱ ድራይቨር እያለው! ለዚህ ነው ቤት ገብቼ ክራሩን ስመታ ድምፁ ከጣቴ ዘግይቶ የሚመጣው። ቡፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 2048 ላይ አስቀምጠውልኛል፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ ሲሰላ ይሄ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ 46 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ 256 ላይ ቢያደርጉት 6 ገደማ ነበር። ትዝታ በዛ መዘግየት እንዴት እንደሚመታ እስቲ አስቡት።

ማይኩን ሰካሁ፣ 48 ቮልቱን ተጫንኩ፣ መብራቷ ቦግ አለች። ድምፅ የለም። ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉሊያ) እስከ ጥግ ሳዞረው ሽሽሽሽ የሚል ብቻ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቋ ቋ ይላል። ማይኩን ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ ጋ ወስጄ በሱ ኢንተርፌስ ሞከርነው፣ እንደ ደወል ጠራ። ማይኩ ደህና ነው ማለት ነው።

ኤፍ ኤሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በክራሩ ብቻ አንድ የባቲ ዜማ ቀድቼ፣ ከበሮ አስገብቼበት፣ ሴቭ አድርጌ ተኛሁ። በማግስቱ አልከፍትም አለኝ። ለካ "ፉል" ብለው 1,500 ብር የተቀበሉበት ማንም ሰው ከካምፓኒው ድረ ገጽ በነፃ የሚያወርደው ትራያል ነው! ትራያሉ ሁሉን ነገር ያሰራችኋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ወደ ዋቭም ያወጣል፣ ሴቭ ያደረጋችሁትን ግን ላይሰንስ እስክትገዙ መልሶ አይከፍትም። በፍላሽ ይዘው ነፃ ነገር ይሸጣሉ፣ ፍላሹም ቫይረስ ቫይረስ ይሸታል፣ አንቲቫይረሴን መልሼ ሳበራው የጮኸውን ጩኸት ተዉት።

እሺ፣ ከዕቃው ጋር ከካምፓኒው የሚመጣ ህጋዊ ሶፍትዌር አለ አይደል፣ እሱን ላውርድ ብዬ ዕቃው ስር ያለውን ሲሪያል ነምበር አስገባሁ። ይሄ ቁጥር ከዚህ በፊት ተመዝግቧል አለኝ። ደግሜ አስገባሁት፣ ያው ነው። ለማታውቁ፣ ያ ሶፍትዌር የሚሰጠው መጀመሪያ ላስመዘገበ ሰው ብቻ ነው፣ አንዴ ከተወሰደ ተወሰደ። እዚህ አገር ሆኖ በዶላር ላይሰንስ መግዛት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለኛ ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ኮድ የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ያህል ናት።

ዛሬ ይዤው ተመለስኩ። ሰውየው ገና ሲያየኝ ስልኩን አነሳ። ጠበቅኩ። ሲጨርስ ነገሩን አስረዳሁት፣ ስለ ሲሪያሉም ነገርኩት። "ሲሪያል ምን ያደርግልሻል የኔ እናት፣ ዘፈን የሚቀዳው በሲሪያል ነው?" አለኝ። 48 ቮልቱ አይሰራም ስለው "አጠቃቀም ነው፣ ሴቶች ቶሎ ትጫኑታላችሁ፣ በተኑ ስስ ነው" አለ። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ መሀል ዕቃውን አንስቶ እንኳን አላየውም።

ከዛ ያ ፍላሽ የሰካው ልጅ ከጓዳ ወጣ። አዲስ ነው መሰለኝ፣ ነገር አልገባውም። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሲያየው አነሳው፣ ገልበጥ አደረገው፣ ጥጉ ላይ ያለችውን የተላጠች ስቲከር በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ለሰውየው "ጋሼ፣ ይቺ ያ ስቱዲዮ የመለሳት አይደለችም እንዴ? ፎርቲኤይቱ አልሰራ ብሎ?" አለ።

ሱቁ ጸጥ አለ። ኬብል የሚበይዱት ልጆች ቀና አሉ። ሰውየው ልጁን አየው፣ ብቻ አየው፣ ልጁ ካርቶኑን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው፣ ያውም በትክክል የነበረበት ቦታ፣ ያላነሳው እንዲመስል። እኔ ሰውየውን ነው የማየው፣ አሁን ያፍራል፣ አሁን "ይቅርታ እህቴ" ይላል ብዬ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "እሱ የሚያወራው ስለሌላ ዕቃ ነው" አለና ለልጁ "አንተ ሂድ ታች ካርቶን አውርድ" አለው።

አያችሁ፣ ያውቅ ነበር! ገና መጀመሪያ የመድረክ ማይኩን ከግድግዳ ሲያወርድ ያውቅ ነበር። "ጸጥ ባለ ቦታ ሞክሪው" ሲለኝ የማይሰራ መሆኑን እያወቀ ነው። ስቱዲዮው መመለስ ችሏል፣ ምክንያቱም ነገ ተመልሶ የሚገዛቸው ደንበኛ ነው፣ ለኔ ዓይነቷ "ቆንጆ" ግን ስቱዲዮው የመለሰው ብልሽት በቴፕ ታሽጎ በአዲስ ዋጋ ይሸጣል። እኔን ያቃጠለኝ ብሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብሩም ያቃጥላል፣ ግን እነዛ ሰዎች ሲስቁ የሚስቁት በኔ መዝፈን አለመዝፈን እንዳልነበረ አሁን ነው የገባኝ።

ብሬን መልስልኝ አልኩት። ማህተሙን በጣቱ ነካ ነካ አደረገልኝ፣ "አይመለስም ይላል፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?" ብሎ። ወንድሜ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሴኪዩሪቲ ተጠራ። በመጨረሻ ያቀረበልኝ ሽምግልና ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በቪ8 ልቀይርልሽ! 38 ሺህ ብር የወጣበትን በቪ8! "የጭብጨባ በተንም አለው" አለኝ ደግሞ፣ እየሳቀ።

ምክር ከፈለጋችሁ አጭር ነው። ኮንዴንሰር ማይክ ከገዛችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ በሱ በራሱ፣ 48 ቮልቱን አብርታችሁ ሞክሩ፣ ጫጫታ ይቅዳ ምን አገባችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ዳታ ከፍታችሁ ሲሪያሉን እዛው አስመዝግቡ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውና ዕቃው ስር ያለው ቁጥር አንድ መሆኑንም እዩ። ለሶፍትዌር ጭነት ሳንቲም አትክፈሉ፣ ሪፐር የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም 60 ቀን ምንም ሳይቆልፍ በነፃ ያስሞክራል፣ ወዳችሁት ስትገዙት ደግሞ 60 ዶላር ነው፣ ማክ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ጋራጅባንድ የሚባለው መቅጃ እጃችሁ ላይ ነው። የቫቱን ደረሰኝ ደግሞ ከፍላችሁም ቢሆን ውሰዱ፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (813/2006) ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ቀይሩልኝ ወይ ብሬን መልሱ የማለት መብት ይሰጣችኋል፣ ግን ወረቀት ሳይዙ መከራከር ከባድ ነው።

ስሙን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ሰኞ አቤቱታዬን ንግድ ቢሮ ላስገባ ነው፣ የባንኩን ትራንስፈርና ያቺን ባለማህተም ወረቀት ይዣለሁ፣ እስከዛ ድረስ "ስሜን አጠፋች" ብሎ ነገሩን ወደኔ እንዲያዞረው አልፈልግም። ኢንቦክስ እየመጣችሁ "እገሌ ሱቅ ነው አይደል?" የምትሉኝም አትድከሙ፣ እስካሁን የጻፋችሁልኝ ስሞች ሁሉ የተለያዩ ናቸው፣ እሱ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል።

ያቺ የልጁ ነገር ግን ታሳዝነኛለች፣ እውነት ስለተናገረ ዛሬ ከስራ ያባርሩት ይሆናል። ኤክስኤልአር የሚባለው የማይኩ ኬብል ለብቻው 900 ብር ነበር፣ እሱ ይሰራል።