የልጄን የሂሳብ አስጠኚ ላመስግን፣ ጎንደር ላላችሁ ወላጆችም ጥቆማ

እንደምን ዋላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፣ ሂሳብ እስከ ኢኩዌሽን ድረስ ደህና ስትሄድ ቆይታ ኢንኢኳሊቲ (ይበልጣል፣ ያንሳል የሚባለው) ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ኤክስ ከ 7 ይበልጣል ተብሎ ከተሰጣት ትሰራዋለች፣ ወርድ ፕሮብሌም (በቃላት የተጻፈ ጥያቄ) ሆኖ ሲመጣ ግን ምልክቱን ወዴት እንደምታዞረው ግራ ይገባታል፤ መጀመሪያ የያዝንላት አስጠኚ ደግሞ ራሱ እየሰራ ያስገለብጣት ነበርና ደብተሯ ሙሉ ራይት፣ ፈተናው ላይ ግን ባዶ።

ከዛ ጎረቤቴ እኚህን መምህር ጠቆመችኝ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አድርገው አይተው "ስህተቷ ሁሉ አንድ ቦታ ነው" አሉኝ። ለካ ልጄ "ቢያንስ" የሚል ስታይ ማነስን ሰምታ የያንሳል ምልክት ነው የምታደርገው፣ "ቢበዛ" ሲል ደግሞ የይበልጣል። እንግሊዝኛውም አላገዛትም፣ አት ሊስት ሲባል ሌስ ይመስላታል። ስንት ወር ሙሉ ሰነፍ መስላኝ ስቆጣት የነበረው በዚህ ነው፣ ሆዴ ነው የተላወሰው።

እሳቸው ግን ሕግ አላሸመደዷትም። "የኔ ልጅ፣ ባጃጅ ከኋላ ቢበዛ ስንት ሰው ይጭናል?" አሏት። ሶስት አለች። "አራት ይሆናል?" አይሆንም። "ሁለትስ?" ይሆናል። የሚሆኑትን እየጻፈች ወረደች፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። "ታዲያ እነዚህ ከ 3 ይበልጣሉ?" ሲሏት እስክሪብቶዋን ይዛ ዝም ብላ ቆየችና የጻፈችውን ራሷ ሰርዛ ኤክስ ≤ 3፣ ማለትም 3 ወይም ከዛ በታች፣ አለች። ቀጥለው ለመምረጥ ቢያንስ 18 ዓመት ያስፈልጋል፣ 17 ይመርጣል? 18ስ? 40ስ? አሏት። ኤክስ ≥ 18። ቁጥር መስመሩ ላይም 18 ራሱ ስለሚገባ እሱ ላይ የምትስዪያትን ክብ ድፍን አድርጊያት፣ "ከ 5 ዓመት በታች" ቢባል ግን 5 ስለማይገባ ክፍት ትተዪያታለሽ አሏት፣ በቃ ገባት።

ሌላው የወደድኩላቸው ነገር፣ ምንም ከመስራቷ በፊት ኤክስ ምን እንደሆነ በቃል ያስጽፏታል። 500 ብር ይዘሽ ገበያ ወጣሽ፣ የባጃጅ ደርሶ መልስ 60 ብር፣ ደብተር አንዱ 80 ብር ቢሆን ስንት ትገዢያለሽ? "ኤክስ የደብተር ብዛት" ብላ ጻፈችና 80ኤክስ + 60 ≤ 500 አወጣች፣ ኤክስ ≤ 5.5። እኔ ራሴ 6 ልል ነበር! እሳቸው ግን 6 ደብተር ግዢና ገንዘቡን ቁጠሪው አሏት፣ ከነባጃጁ 540 መጣ፣ ስለዚህ 5 ብቻ። ለጥምቀት ቀሚስ 1200 ብር ያስፈልጋል፣ 300 አለሽ፣ በሳምንት 75 ብታስቀምጪስ? አሏት። ይሄንን ብቻዋን ነው የሰራችው፣ 300 + 75ኤክስ ≥ 1200፣ ቢያንስ 12 ሳምንት። አሁን የምሯን እያጠራቀመች ነው።

ኢንኢኳሊቲ በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ የሚዞረውንም 2 ከ 5 ያንሳል፣ ኔጌቲቭ 2 ግን ከኔጌቲቭ 5 ይበልጣል ብለው በአንድ መስመር ጨረሱት።

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሂሳብ አልችልም ማለት ትታለች፣ ለእኔ ከማርኩም በላይ ይሄ ነው።

ስማቸውን ያልጻፍኩት እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ነው፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ማራኪና ፒያሳ አካባቢ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ አዘዞ ግን ስለሚርቃቸው አይሄዱም። ክፍያቸው አቅምን ያየ ነው። ከሶስት ልጅ በላይ አንድ ላይ አይቀበሉም፣ ስለዚህ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚፈተን ልጅ ያላችሁ ቶሎ አናግሯቸው።