ፓይተን ቲውተር፦ መልሱን የማይሰጥ የአሳይመንት ረዳት

የፕሮግራሚንግ አሳይመንት የከበደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፦ የሲኒየር ኮድ መገልበጥ፣ ጥያቄውን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ ወይም ከፍሎ ማሠራት። በሦስቱም መንገድ ያለቀ ኮድ ይገኛል። ጣጣው የሚመጣው ፈተና ላይ «የዚህን ኮድ አውትፑት ጻፍ» የሚል ወረቀት ሲታደል ነው። ፓይተን ቲውተር የተባለው ድረ ገጽ የሚጠቅመው ለዚች ጥያቄ ነው።

ፊሊፕ ጉዎ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ድረ ገጽ ስሙ ፓይተን ይበል እንጂ ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት የተባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችም ያስተናግዳል። በነጻ ነው፤ የሚጫን ነገርም የለውም። ቋንቋውን መርጦ ኮዱን መለጠፍና «ቪዡዋላይዝ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ከዚያ «ኔክስት» በተጫነ ቁጥር ኮዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። አረንጓዴው ቀስት አሁን የተሠራውን መስመር፣ ቀዩ ቀጥሎ የሚሠራውን ያሳያል፤ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ከነዋጋው በሳጥን ይቀመጣል። ወደኋላ መመለስም ይቻላል።

በሲ ፕላስ ፕላስ ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ የመቀየር ጥያቄን እንውሰድ። 68 ፋራናይት 20 ዲግሪ፣ ማለትም ለጎንደር የተለመደ ቀን መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ 0 ያወጣል። ተማሪው ቀመሩን፣ 5/9 * (F - 32)ን፣ ደጋግሞ ያያል፤ ቀመሩ ግን ልክ ነው። ገጹ የሚያሳየው የቫሪያብልን ዋጋ እንጂ በአንድ መስመር ውስጥ ያለውን ስሌት ስላልሆነ 5/9ን ለብቻው በአንድ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ) ቫሪያብል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ያኔ ሳጥኑ ውስጥ ዜሮ ይታያል፦ ሁለት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሲካፈል ሲ ፕላስ ፕላስ ክፍልፋዩን ይጥለዋል። 5.0/9 ሲባል ይስተካከላል።

መነሻ ዋጋ ሳይሰጠው የተረሳ የድምር ቫሪያብል ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ይዞ ይታያል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ያው ኮድ በአጋጣሚ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ ሊያዋርድ ይችላልና። ሉፕ (ድግግሞሽ) ሲጻፍ ከ«ፎር» ቅንፍ ቀጥሎ ሴሚኮሎን ከገባም ቀስቱ የሉፑን ውስጥ እየደጋገመ እንደማይሠራ ይታያል። ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉትን ማባዛት) በኢንት ሲሠራ እስከ 12 ድረስ ልክ ነው (479001600)፤ 13 ላይ 6227020800 መምጣት ሲገባው 1932053504 ይመጣል። ኔጌቲቭ ስላልሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ኢንት ያን ያህል ትልቅ ቁጥር ስለማይዝ ቫሪያብሉን ሎንግ ሎንግ ማድረግ መፍትሔው ነው። ሪከርሽን ላይ ደግሞ የሚወዳደረው ያለ አይመስለንም፦ ፈንክሽኑ ራሱን በጠራ ቁጥር አዲስ ፍሬም (የዚያ ጥሪ ቫሪያብሎች ሳጥን) ከነዋጋው ይደረደራል፣ ሲመለስም አንድ በአንድ ይነሳል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። በሲ ፕላስ ፕላስ «ሲን» ከተጠቃሚ ቁጥር አይቀበልም፤ ቁጥሩን እዚያው ኮዱ ውስጥ መጻፍ ግድ ነው። ከ1000 እርምጃ በላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ፕራይም ቁጥሮችን እስከ 10000 የሚፈልግ ሉፕ መሃል ላይ ይቆማል፣ እስከ 20 አሳጥሮ ማየት ይሻላል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ፣ «ኮኒዮ ነጥብ ኤች» እና «ቮይድ ሜይን» ያለባቸው የተርቦ ሲ (የድሮ ኮምፓይለር) ዘመን ሃንድአውቶች እዚህ አይሠሩም። ጥፋቱ ግን የገጹ አይደለም፣ የሃንድአውቱ ነው፤ «ኢንት ሜይን» ብሎ ኮኒዮን መሰረዝ ነው። ከወርድ የተገለበጠ ኮድ «ስትሬይ» እና 342 የሚል ኤረር ካመጣ የተጠማዘዘው ትምህርተ ጥቅስ ነው፤ በኪቦርድ እንደገና መጻፍ ይበቃል።

ኮዱ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያኔ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ኮድ ብሎክስ መኖሩ አይቀርም። ስልክ ላይ ኮዱና ሳጥኖቹ ስለሚጣበቡ ስልኩን አግድም መያዝ ይሻላል።

ሰው መጠየቅ ሲያስፈልግ ግን የስክሪን ፎቶ አትላኩ። ገጹ ለኮዳችሁ ቋሚ ሊንክ ያወጣል፤ እሱን ስትልኩ የሚመልስላችሁ ሰው ኮዱን ሳይጽፍ ከፍቶ፣ የተበላሸውን መስመር ቁጥር ይነግራችኋል።