ሲያትል ያላችሁ፣ ጁን ላይ ያበበ ክሬፕ መርትል እንዳትገዙ

ወገኖች፣ የችግኝ መሸጫዎቹ በር ላይ በሮዝና በቀይ አበባ ተሸፍኖ የተደረደረውን ክሬፕ መርትል (ሰመር ላይ የሚያብብ ትንሽ ዛፍ) አይታችሁ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በተለይ ከዲሲና ከቨርጂኒያ የመጣችሁ፤ እዚያ ሰመሩን ሙሉ ሲያብብ የኖረ ሰው እዚህ ሲያየው ዋጋም አይከራከርም።

ሲያትል ደጅ ያደገ ክሬፕ መርትል ቢቀናው የሚያብበው ኦገስት መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር ነው። ጁን ላይ ያበበው በግሪንሃውስ ሙቀት የተገፋ ወይም ከሞቃት ስቴት ተጭኖ የመጣ ነው።

ሻጩ ታጉን ያሳያችኋል፦ «ዞን 7 እስከ 9፤ እናንተም እዚያው ውስጥ ናችሁ፣ ምንም አይሆንም።» አልዋሸም። ግን የዞን ቁጥር የሚናገረው ዊንተር ላይ ስለሚወርደው ብርድ ብቻ ነው። እዚህ ተክሉን የሚጎዳው የሰመሩ ቅዝቃዜ ነው። ጁላይ ላይ ዲሲ ቀኑ በአማካይ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ሌሊቱ 22 ገደማ ነው፤ እኛ ጋ ቀኑ 25፣ ሌሊቱ 14 ገደማ። አበባው የሚወጣው በዚያው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ እስኪደርስ ሰመሩ ያልቃል።

እኔ 140 ዶላር የከፈልኩበት ባለፈው ኦክቶበር አተር የሚያካክሉ አረንጓዴ እምቡጦች ይዞ ቆመ። ዝናቡ መጣ፤ አንዱም ሳይፈነዳ ጠቆረ። ቅጠሉም ዱቄት የተነፋበት በሚመስል ነጭ ሻጋታ ተሸፈነ። ደረሰኝ ይዤ ስሄድ «ዋስትናው ለሞተ ተክል ነው፤ ያንተ አልሞተም» አሉኝ። ስለዚህ ስትገዙ ዋስትናው አለማበብንም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ትገምታላችሁ።

የግድ ከፈለጋችሁ፣ ታጉ ላይ «ክሬፕ መርትል፣ ሮዝ» ብቻ የተጻፈበትን እለፉት። የዝርያ ስም ይኑረው። ዲሲ ባለው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያና ምርምር ቦታ) ዶናልድ ኢጎልፍ ያዳቀሏቸው፣ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስም የተጠሩት እነ ናቼዝ፣ ሆፒና ዙኒ ሻጋታውን በደንብ ይቋቋማሉ። ናቼዝ ነጭ ነው፣ ግን ከጣሪያ በላይ ያድጋል፤ ለጠባብ ግቢ ሆፒ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ከዞረ ግድግዳ አጠገብ ትከሉት፤ ኮንክሪት ካለ እሰየው፣ ሙቀቱን ይዞ ማታ ይመልስለታል። ከዛፍ ጥላ ሥር ከተከላችሁት ግን አበባውን እርሱት።

ሌላም አለ። «ጫፍ ጫፉን ካልቆረጥነው አያብብም» የሚሉ የግቢ ሠራተኞች አሉ። አትክፈሏቸው፤ እንደዚያ ሲቆረጥ እዚህ ጭራሽ ይዘገያል። ስፕሪንግ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ለምልሞ እሱ ብቻ ራቁቱን ሲቆም «ሞቷል፣ ነቅለን ሌላ እንትከልላችሁ» ይላሉ። ሜይ ድረስ ቅጠል ላያወጣ ይችላል፣ ባሕርዩ ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ልጡን በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ከልጡ በታች ያለው አረንጓዴ ከሆነ ሰውየውን አሰናብቱት።